ጅብራና የተራሮቹ ጣሪያ፦ የአንድ ብርቅዬ ተክል መኖሪያና የጥበቃ ደረጃ

ጅብራ ከኢትዮጵያ ውጪ በየትኛውም አገር በተፈጥሮው የማይበቅል፣ ከባሕር ጠለል 3,000 ሜትርን በተሻገሩ ተራሮች ላይ ተወስኖ የሚኖር፣ ለብዙ ዓመታት በቅጠል ብቻ ቆይቶ በዕድሜው አንድ ጊዜ የሚያብብና አብቦም የሚሞት ግዙፍ ተክል ነው። በስሜን ተራሮችም ሆነ በባሌው የሳነቴ አምባ ላይ በብዛት ቆሞ ስለሚታይ፣ ሕዝቡም ሳይነቃነቅ የሚቆምን ሰው «እንደ ጅብራ ተገተረ» እያለ ምሳሌ እስከ ማድረግ ድረስ ስለለመደው፣ ስለ ሕልውናው የሚጨነቅ እምብዛም አይገኝም። ይሁንና ጥናቶች የሚሰጡት ግምት በዓይን ከሚታየው ጋር አይገጥምም፤ መኖሪያው ከታች በማረሻና በከብት፣ ከላይ ደግሞ በተራራው ማብቂያ የተወሰነበት ይህ ተክል፣ በያዝነው ክፍለ ዘመን አብዛኛውን ይዞታውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የጅብራን የጥበቃ ደረጃ ቆመው በሚታዩት ተክሎች ብዛት መለካት ያሳስታል፤ ምዘናው በየተራራው በሚገኘው ቡቃያና ከበላዩ በቀረው ከፍታ ላይ ሊመሠረት ይገባል።

በሳይንሳዊ መጠሪያው ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም የሚባለው ጅብራ ካምፓኑላሴ ከሚባለው የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል። በሌላው ዓለም ብዙዎቹ የሎቤሊያ ዝርያዎች ከጉልበት የማያልፉ ትንንሽ አበቦች ሲሆኑ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ላይ ግን ከሰው ቁመት በላይ የሚያድጉ ዝርያዎች አሉ፤ ጅብራ ከእነዚህ ታላላቆች አንዱ ነው። በኢትዮጵያ ርጥብ ደኖች ውስጥ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ የሚገኘው ሎቤሊያ ጂቤሮአ የቅርብ ዘመዱ ቢሆንም፣ እርሱ በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችም ስለሚበቅል ብርቅዬ፣ ማለትም በአንድ አገር ብቻ ተወስኖ የሚኖር፣ አይባልም። ጅብራን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን የጎበኘው ጀርመናዊው አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል ይዟቸው የሄደው ናሙናዎች ሲሆኑ፣ የአገሩ ልጅ የዕፅዋት ሊቅ ፍሬዘኒየስ በ1838 ራሱን የቻለ ወገን አድርጎ ገልጾታል፤ ኋላ ላይ ሌሎች ሊቃውንት ወደ ሎቤሊያ ወገን አዛውረውታል።

ተክሉ ቡቃያ ሳለ ከመሬት ጋር የተጣበቀ የቅጠል ጉንጉን ብቻ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ጉንጉኑን በጫፉ የተሸከመ፣ ቅርንጫፍ የሌለው ወፍራም ግንድ ያወጣል፤ የረገፉት ቅጠሎች በግንዱ ዙሪያ የተዉት ጠባሳ ረድፍ በረድፍ ተደርድሮ ይታያል። ግንዱ ከሩቅ ዛፍ ቢያስመስለውም ውስጡ ለስላሳ ነው፤ ቅጠሉም ሆነ ግንዱ ሲቆረጥ ወተት መሰል ፈሳሽ ያወጣል። የማበቢያው ጊዜ ሲደርስ ከጉንጉኑ መካከል ብቻውን ብዙ ሜትር የሚረዝም የአበባ ዘንግ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ በዘንጉ ዙሪያ እጅግ በርካታ ወይን ጠጅና ሰማያዊ የተቀላቀለባቸው አበቦች ተደራርበው ይወጣሉ፤ ተክሉም በዚህ ጊዜ ከነዘንጉ እስከ 10 ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። አበቦቹ ደቃቅ ዘር አፍርተው ለነፋስ ከሰጡ በኋላ ተክሉ ይሞታል፤ የደረቀው ግንድ ግን ወዲያው አይወድቅም።

ይህ አንድ ጊዜ አብቦ የመሞት ጠባይ ለጥበቃ ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው። ዓመት በዓመት የሚያብብ ተክል አንድ ዓመት በድርቅ ወይም በቃጠሎ ቢያመልጠው በሚቀጥለው ሊክሰው ይችላል፤ ጅብራ ግን ዘንጉን ከመምዘዙ በፊት ከተቆረጠ ወይም ከተቃጠለ የብዙ ዓመታት ክምችቱ ያለ አንዲት ዘር ያልቃል። በመሆኑም ለአቅመ ማበብ ሊደርሱ የተቃረቡ ተክሎችን ማጣት ቁጥር ከመቀነስ አልፎ የመጪውን ትውልድ የዘር ምንጭ ማጣት ይሆናል።

ቀን የሚያቃጥል፣ ሌሊት የሚያበርድ መኖሪያ

የአገሬው ሰው መሬትን በቆላ፣ በወይና ደጋ፣ በደጋና በውርጭ ሲከፍል፣ ጅብራ የሚገኘው በመጨረሻው እርከን፣ ሊቃውንት አፍሮ አልፓይን በሚሉት፣ ከደን መስመር በላይ ባለው የሣርና የቁጥቋጦ ምድር ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው መሬት 80 በመቶ ገደማ የሚሆነውን እንደምትይዝ ስለሚገመት፣ የዚህ ሥነ ምኅዳር ዋና ባለቤት ናት። የአካባቢው ጠባይ ከአውሮፓ ተራሮች በእጅጉ ይለያል፤ በዚያ ብርድና ሙቀት በየወቅቱ ሲፈራረቁ፣ ለምድር ወገብ በቀረበው የኢትዮጵያ ከፍታ ግን ፍርርቁ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ይፈጸማል። ቀን ላይ ስስ በሆነው አየር ውስጥ የሚያልፈው ፀሐይ ቅጠል ሲያቃጥል፣ ሌሊት ሰማዩ ከጠራ መሬቱ ሙቀቱን በፍጥነት ስለሚለቅ ውርጭ ይጥላል።

ጅብራ ለዚህ ፍርርቅ ሁለት መከላከያዎች አሉት። አንደኛው ሲመሽ ቅጠሎቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው መካከል ላይ ያለውን የማደጊያ እምቡጥ መሸፈናቸው፣ ሲነጋም መልሰው መዘርጋታቸው ነው። ሁለተኛው ቁመቱ ነው፤ ሌሊት እጅግ የሚቀዘቅዘው ለመሬት የቀረበው አየር በመሆኑ፣ ግንዱ ጉንጉኑን ከፍ አድርጎ ከዚያ ቅዝቃዜ ያርቀዋል። የኢትዮጵያና የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት የዚህን ዛፍ መሰል ቁመና ጥቅም የመረመሩት ከዚሁ የአየር ጠባይ ጋር አያይዘው ነበር። ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር አደጋው የሚበረታው በቡቃያው ላይ መሆኑ ነው፤ ገና ግንድ ያላወጣው ተክል ከቀዝቃዛው አየር ጋር ተጣብቆ ያድራል፤ በርጥብ አፈር ውስጥ ያለው ውኃ ሌሊት እንደ መርፌ በቀጠነ በረዶ መልክ ሲረጋ አፈሩን ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ ሥሩ ያልጠነከረ ቡቃያ ተነቅሎ ይቀራል። አፈሩ በከብት ኮቴ ከተፈረፈረና የሣር ሽፋኑ ከተገፈፈ ይህ ነቀላ ይብሳል።

ከጅብራ በታች የአስታ ቁጥቋጦ፣ በዙሪያው ደግሞ የጓሳ ሣር ይገኛል። ወለላ የሚመጥጡ ትንንሽ ወፎች አበባውን ይጎበኛሉ፤ በዚሁ ምድር ላይ በሰሜን ጭላዳና ዋልያ፣ በባሌ ደግሞ ግዙፍ ፍልፈልና እርሱን የሚያድነው ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ። በዚህ ከፍታ አበቦችና እንስሳት ምን ያህል የተሳሰሩ እንደሆኑ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ አንድ ጥናት አሳይቷል፤ በባሌ ቀይ ቀበሮዎች ኒፎፊያ የተባለውን፣ እንደ ጅብራ ሁሉ የኢትዮጵያ ብርቅዬ የሆነውን ተክል አበባ ወለላ ሲልሱና አፍንጫቸው በአበባ ብናኝ ሲሸፈን ተመዝግቧል። ሥጋ በል አውሬ ሳይቀር ከአበባ የሚጠቀምበት ሥነ ምኅዳር ውስጥ የአንድ ትልቅ አበባ መጉደል በዚያው ተክል ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም።

የጅብራ መኖሪያ አንድ ወጥ ምድር አይደለም። ስሜን፣ ጉና፣ ጮቄ፣ አቡነ ዮሴፍ፣ የመንዝ ጓሳ፣ የአርሲና የባሌ ተራሮች እያንዳንዳቸው ሞቃት ቆላ በሚከባቸው መሬት ላይ ብቻቸውን የቆሙ የብርድ ደሴቶች ናቸው። በሰሜን ያሉትን ከአርሲና ከባሌ የሚለየው ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ሲሆን፣ ጅብራ በዚያ ሙቀት ውስጥ ሊበቅል አይችልም። ስለዚህ በጉና ያለው ጅብራ ቢያልቅ ከባሌ ዘር ተጉዞ ይተካዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ደረጃው እንዴት ይለካል?

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የዝርያዎችን የአደጋ ደረጃ በሚመዘግብበት ቀይ መዝገብ፣ ከመመዘኛዎቹ አንዱ የስርጭት ስፋት ነው። አንድ ዝርያ በዚህ መመዘኛ ለአደጋ ተጋላጭ ለመባል፣ የሚገኝባቸውን ነጥቦች ሁሉ የሚከበው መስመር ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ፣ ወይም በዚያ ውስጥ በተጨባጭ የያዘው ቦታ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ሊሆን ይገባል፤ የይዞታው መበጣጠስና ቀጣይ መቀነስም በተጨማሪ ይታያሉ። ለጅብራ የመጀመሪያው ልኬት ፈጽሞ አሳሳች ነው፤ ስሜንን ከባሌ የሚያገናኝ መስመር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚዘልቅ፣ የዓባይን ሸለቆና የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ጭምር ጠቅልሎ ተክሉን በወረቀት ላይ ሰፊ ይዞታ ያለው ያስመስለዋል። ተክሉ በእርግጥ የቆመበት ቦታ ግን የተራሮቹ አናት ብቻ ነው።

ሌላው መመዘኛ የሕዝበ ተክሉ መቀነስ ነው። በዐሥር ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ፣ ከሁለቱ በሚረዝመው ጊዜ ውስጥ፣ 30 በመቶ የቀነሰ ዝርያ ተጋላጭ ይባላል፤ 50 በመቶ ሲሆን አደጋ ላይ የወደቀ፣ 80 በመቶ ሲሆን ደግሞ እጅግ የከፋ አደጋ ላይ የወደቀ ይሆናል። ስሌቱ ወደ ፊት እስከ 100 ዓመት የሚጠበቀውን ቅነሳም እንዲያካትት ተፈቅዷል። ለማበብ ብዙ ዓመታት ለሚፈጅ ተክል ሦስት ትውልድ ረጅም ዘመን በመሆኑ፣ ለጅብራ ተገቢው መስኮት ይህኛው ነው፤ በዚህ መስኮት ሲታይም ዛሬ የተለመደ የሚመስለው ተክል ሌላ መልክ ይይዛል።

ለዚህ ዋናው ማስረጃ ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ኢኮሎጂ ኤንድ ኢቮሉሽን በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ጅብራ ዛሬ የሚገኝበትን የአየር ጠባይ ለይተው፣ በሁለት የአየር ንብረት ሞዴሎችና በአራት የጋዝ ልቀት መላ ምቶች መሠረት ያ ጠባይ ወደ ፊት የት እንደሚገኝ አሰሉ። ውጤቱ በሁሉም አቅጣጫ ተመሳሳይ ነበር፤ እስከ 2080 ድረስ ተስማሚ ሆኖ የሚቀረው በአማካይ ከመኖሪያው 3.4 በመቶው ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በአራት የተራራ ጫፎች ላይ ተበጣጥሶ ይቀራል። የዘረ መል ብዝኃነቱ፣ ማለትም ዝርያው በሽታንና የአየር ለውጥን እንዲቋቋም የሚያስችለው በውርስ የሚተላለፍ ልዩነት፣ 82 በመቶ ያህሉ እንደሚጠፋም ተገምቷል።

ምክንያቱን ለመረዳት ውስብስብ ሒሳብ አያስፈልግም። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ በመሆኑም ሙቀት በ2 ዲግሪ ቢጨምር፣ የለመደውን ብርድ ፈላጊ ተክል ከ300 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። ጉናና ጮቄ የሚያበቁት 4,100 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር፣ በባሌ ያለው ቱሉ ዲምቱ ከ4,300 ሜትር፣ ራስ ደጀን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። ተራራ ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ሽቅብ የሚሸሽ ተክል በየደረጃው የሚያገኘው መሬት ያንሳል፤ ዝቅ ባሉት ተራሮች ላይ ደግሞ ከነአካቴው ያልቅበታል።

እንዲህ ያለ ሞዴል የራሱ ገደብ አለው። የሚያሰላው የአየር ጠባይን በመሆኑ፣ ጥላ ያለባቸው ገደላ ገደሎችና ርጥብ ሸጦች ተክሉን ለጊዜው ሊያስጠልሉ መቻላቸውን በሙሉ አይዘውም፤ በዚህ ረገድ ግምቱ ሊጋነን ይችላል። በሌላ ወገን ግን ማረሻን፣ ግጦሽንና ቃጠሎን አይቆጥርም፤ በዚህ በኩል ሲታይ እውነታው ከግምቱ ሊብስ ይችላል። ዝርዝሩ ቢያከራክርም አቅጣጫው አንድ ነው።

እዚህ ላይ ሊቃውንት የመጥፋት ዕዳ የሚሉት ጽንሰ ሐሳብ ይገባል። ረጅም ዕድሜ ያለው ተክል፣ የአየር ጠባዩ ለአዲስ ቡቃያ የማይመች ከሆነም በኋላ፣ ጎልማሶቹ ለዓመታት ቆመው ይታያሉ። ተመልካቹ የሚያየው ያለፈውን ዘመን ትውልድ እንጂ የሚተካውን አይደለም። ስለዚህ በአንድ ተራራ ላይ ሺህ ጅብራ ተቆጥሮ በሥሩ ቡቃያ ካልተገኘ፣ ያ ቆጠራ የሚያመለክተው ደኅንነትን ሳይሆን ቀነ ቀጠሮ ያለውን ማብቂያ ነው።

ከታች የሚመጣው ግፊት

የአየር ንብረት ለውጥ ተክሉን ወደ ላይ ሲገፋው፣ የሰው እንቅስቃሴም ከታች ይከተለዋል። ሰው በዚህ ከፍታ አዲስ እንግዳ አይደለም፤ በባሌ ፊንጫ ሐበራ በተባለው የዓለት መጠለያ የተደረገው የቅርስ ቁፋሮ፣ ሰዎች ከ30,000 ዓመታት በፊት በዚያ ይኖሩና ግዙፍ ፍልፈል ይመገቡ እንደነበር አሳይቷል። የተለወጠው የአጠቃቀሙ መጠን ነው። በጮቄ የገብስና የድንች ማሳ ከ3,500 ሜትር በላይ ወጥቷል፤ ቀድሞ የጓሳና የአስታ ምድር በነበረው ተዳፋት ላይ ጅብራ የሚታየው በማሳና በግጦሽ መካከል በተረፈ ቁራጭ መሬት ነው። አስታው ለማገዶ ሲመነጠር አፈሩን የያዘው ሥር ስለሚጠፋ፣ የተራራው ውኃ የመያዝ አቅምም አብሮ ይዳከማል፤ ይህም የዓባይ ገባሮች ምንጭ በሆነው በጮቄ ለታችኛው ገበሬ ጭምር የሚተርፍ ጉዳት ነው። ገበሬው ሽቅብ ያረሰው ከታች ያለው መሬት ስለጠበበውና ምርቱ ስላነሰበት በመሆኑ፣ አማራጭ ሳይሰጡት በክልከላ ብቻ መመለስ አይቻልም።

ብሔራዊ ፓርኮቹ የተመሠረቱት በዋናነት እንስሳትን ለመጠበቅ ነው፤ የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም ዓላማው ዋልያ፣ የባሌው በ1970 ሲቋቋም ደግሞ ደጋ አጋዘንና ቀይ ቀበሮ ነበሩ። ጅብራ በእነርሱ ጥላ ሥር ተጠቅሟል። በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ስሜን በእርሻና በግጦሽ ጫና የተነሣ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ የቆየ ሲሆን፣ ከዝርዝሩ ለመውጣቱ አንዱ ምክንያት በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረው የግጦሹ ጫና መቀነሱ ነበር። ባሌም በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ያም ሆኖ በ2019 የበልግ ወራት በስሜን የተነሣው ቃጠሎ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ለመቆጣጠር አስቸግሮ ነበር፤ ይህም የተከለለ መሬት ሁሉ የተጠበቀ አለመሆኑን አሳይቷል።

ከመንግሥት ፓርኮች ውጪ የሚጠቀሰው ምሳሌ የመንዝ ጓሳ ነው። በዚያ ሕዝቡ ለዘመናት ቄሮ በሚባል ሥርዓት፣ በአባ ቄራ መሪነት፣ የጓሳውን መሬት ለተከታታይ ዓመታት ከአጨዳና ከግጦሽ ዘግቶ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ይከፍተው ነበር። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ስለሚያስፈልገው መሬቱን የመጠበቅ ጥቅሙ ለራሱ ለገበሬው ግልጽ ነበር። ሥርዓቱ የቆመበት የርስት ይዞታ በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ ሲፈርስ ጥበቃውም ላልቶ ነበር፤ ኋላ ግን ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ አደራጅቶ፣ ከክልሉም ሕጋዊ ዕውቅና አግኝቶ ቀጥሎበታል። ጅብራና ቀይ ቀበሮ ዛሬም በጓሳ መኖራቸው የሚያስረዳው፣ ደጋው ለነዋሪው ጥቅም ሲሰጥ ጠባቂም እንደሚያገኝ ነው።

የአካባቢን ግፊት መቀነስ ምን ያህል እንደሚረዳ፣ የት ላይስ እንደሚያበቃ፣ ከሐዋይ ደሴቶች ትምህርት ማግኘት ይቻላል። በማዊ ደሴት በሐሌአካላ እሳተ ገሞራ አናት ላይ የሚበቅለውና በእንግሊዝኛ ሲልቨርሶርድ የሚባለው ተክል እንደ ጅብራ ባለ ጉንጉን የሚኖር፣ አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ነው። በፍየሎችና በሚነቅሉት ሰዎች ምክንያት ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረው ይህ ተክል፣ ጥበቃ ከተደረገለት በኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በግሩም ሁኔታ አገገመ፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ከአየሩ መሞቅና መድረቅ ጋር ተያይዞ እንደገና እየቀነሰ ነው። ትምህርቱ ሁለት ገጽ አለው፤ አጥርና ክልከላ ዝርያን ከሞት አፋፍ ሊመልሱ ይችላሉ፣ የአየር ንብረቱን ለውጥ ግን ብቻቸውን አይገቱትም። ኢትዮጵያ ለአጥሩ የሚሆን ጊዜ ገና በእጇ አለ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። የጅብራ ደረጃ በአገር ደረጃ በአንድ ቃል ሊገለጽ አይገባም፤ የስሜኑና የባሌው ገና ሽቅብ የሚሄድበት ከፍታ ሲኖረው፣ የጉናውና የጮቄው ግን አሁኑኑ በከፋ አደጋ ላይ እንዳለ ተቆጥሮ መያዝ አለበት። ክትትሉ ጎልማሳውን ብቻ ሳይሆን ቡቃያውን መቁጠር፣ ከመጨረሻው ማሳ በላይ ያለው ተዳፋትም ተክሉ ሊሸሽበት የሚችል መንገድ ሆኖ ከማረሻ ነጻ መቆየት ይኖርበታል። አዲስ አበባ ለጅብራ እጅግ ዝቅ ያለች በመሆኗ በከተማ የአትክልት ስፍራ ማኖር መፍትሔ አይሆንም፤ ዘሩን በየተራራው ለይቶ ሰብስቦ በዘር ባንክ ማስቀመጥ ግን ይቻላል፤ በዝቅተኞቹ ተራሮች ላይ ያለው ልዩነት ሳይመዘገብ እንዳይጠፋም ሥራው ከእነዚያ ተራሮች ቢጀምር ይበጃል። ከኢትዮጵያ ተራሮች የጠፋ ጅብራን ከሌላ አገር አምጥቶ መትከል ስለማይቻል፣ ኃላፊነቱን የሚጋራ ሌላ አገር የለም።